ዝናቡ ካቆመ በኋላ የተዘራ ሽምብራ ውሃ ከየት ያመጣል?

በጥር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ አካባቢ ሲደርስ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት በእቅፍ ይዘው የሚሸጡ ልጆች ያያል። ይገዛል፣ እየፈለፈለ መንገዱን ይቀጥላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ዝናቡ ካቆመ ሦስት ወር አልፎታል። ማሳው አጠገብ የውሃ ሞተር የለም፣ ቦይም የለም። ሣሩ ደርቋል፣ መንገዱ አቧራ ነው። ሽምብራው ግን ለምለም ነው። ታዲያ ምን እየጠጣ ነው?

አጭሩ መልስ፦ የክረምቱን ዝናብ። ሐምሌና ነሐሴ መሬት ውስጥ የገባው ውሃ ነው ጥር ላይ ሽምብራውን የሚያጠጣው። ያለ መስኖ ማምረት የሚባለው ነገር ፎገራም ይሁን ራያ ቆቦ፣ አውስትራሊያም ይሁን አሜሪካ፣ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል። ውሃውን መሬት ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው። ፍሬው እስኪሞላ ድረስ እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው።

«ጣና አጠገብ ተቀምጠን ስለ ድርቀት ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናባማ እየተባለች የምትታማው ለንደን እንኳ 600 አካባቢ ነው የምታገኘው። ልዩነቱ የእኛው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ከሐይቁ ፊት በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ታተናለች። ማለትም ከተማዋ ላይ ከሚዘንበው የሚበልጥ። ሐይቁም ቢሆን ዝቅ ብሎ ነው የተኛው። ማሳው ከፍ ያለ ከሆነ ውሃው ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ አይወጣም። ስለዚህ ጣናን እያየ ሰብሉ በጥም የሚደርቅበት ገበሬ አለ።

ሚሊ ሜትር ስንት ሊትር ነው?

ዜና ላይ «50 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ብዙ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ያልፋል። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ይሆናል። የባሕር ዳር 1,400 ሚሊ ሜትር በሄክታር 14 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለሰብል አይደርስም። ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል። ከፊሉ ከሥር በታች ይሰርጋል። ከፊሉን ፀሐይ ትወስደዋለች። የሚተርፈውን የሚወስነው አፈሩ ነው። አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ግን ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ዝቅተኛውን 150 እንኳ ብንወስድ በሄክታር 1.5 ሚሊዮን ሊትር ነው። 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ 150 ጊዜ ቢመላለስ የሚያመጣው ውሃ ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ጥቅምት ላይ በአንድ ሄክታር ማሳ ሥር አለ፣ ለዓይን ግን አይታይም።

እዚህ ላይ ስለ ጥልቀት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ። ከላይ ያለው ሒሳብ የተሠራው አንድ ሜትር አፈር ላለው ማሳ ነው። ዳገት ላይ ያለ ማሳ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋይ ከተገኘ፣ የሚይዘው ውሃ ከሲሶው አይበልጥም። የፈለገውን ያህል ይዝነብ፣ ማስቀመጫ የለውም። ነሐሴ ላይ የጉማራን ወንዝ ያየ ሰው ውሃው ቡና መስሎ እንደሚፈስ ያውቃል። አፈር ሲታጠብ «ለምነቱ ሄደ» እንላለን። ከለምነቱ ጋር ግን የበጋው ውሃ ማስቀመጫም አብሮ ይሄዳል። ማዳበሪያ በገንዘብ ይገዛል፣ 70 ሳንቲ ሜትር አፈር ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም። የእርከን ሥራ «ዘመቻ» እየተባለ ሲጠራ ሰው ቢሰለቸውም፣ ያለ መስኖ ለሚያመርት ገበሬ ከዚያ የሚቀድም ነገር አላውቅም።

ዋልካም ቢሆን የራሱ አመል አለው። ግንቦት ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ በኩል ወደ ታች ይገባል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል። በዚህ ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ፎገራ ሜዳ ሐይቅ ይሆናል። ዋልካ የያዘውን ውሃ ሁሉ ለተክል አይሰጥም። ከፊሉን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥር ሊስበው አይችልም። ተክሉ ሲጠወልግ አፈሩን ብትጨብጡት ገና እርጥበት የሚሰማችሁ ለዚህ ነው።

ሲዘንብ ባዶ፣ ሲያባራ የሚዘራ ማሳ

ለከተማ ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር ይሄ ነው። ድሮ በእነዚህ ዋልካ መሬቶች ብዙው ማሳ ክረምቱን ባዶውን ይከርም ነበር። ውሃ ስለሚተኛበት ብዙው ሰብል አይሆንለትም። ሩዝ ነገሩን የቀየረው በደርግ ጊዜ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ፎገራ ውስጥ ተሞከረ፣ ተስማማው፣ ተስፋፋ። ዛሬ ክረምቱን ሩዝ፣ በጋውን ሽምብራ ወይም ጓያ የሚያበቅል መሬት ብዙ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ሩዙ ሳይታጨድ መሬቱ ገና ጭቃ እያለ ጓያውን በመሐሉ ይበትናል። የአንድ ቀን እርጥበት እንኳ እንዳይባክን ነው።

የመዝሪያው ቀን ከባድ ውሳኔ ነው። ሽምብራ እንደ አካባቢው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይዘራል። ከቸኮሉ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ስለሚቆይ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ተክሉ ይጠወልጋል። ከዘገዩ ደግሞ የላይኛው አፈር ይደርቃል፣ ዘሩም በወጉ አይበቅልም። አፈር የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች ነው። የሽምብራ ሥር ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩ ድርቀቱን ቀድሞ ከሄደ ሰብሉ ተረፈ። ድርቀቱ ከቀደመው አለቀለት። ጥሩ መሬት ካገኘ የሽምብራ ዋና ሥር ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ይረዳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ተክሉ የሚያላበው ውሃ ይቀንሳል።

ሽምብራ ደህና ምርት ለመስጠት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውሃ ይፈልጋል። አፈሩ የያዘው ደግሞ ከ150 እስከ 200 ነው ብለናል። ክፍተቱን የሚሞላው የመስከረምና የጥቅምት ማባረሪያ ዝናብ፣ እንዲሁም ሥሩ ከሜትር በታች የሚያገኘው ነው። ካልሞላ ምርቱ ያንሳል፣ ሌላ ተአምር የለም። ለዚህ ነው ሰፊ መደብ ሠርቶ በመሐሉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ማውጣት የሚመከረው። መደቡ ላይ ያለው ሥር ስለማይሰምጥ ቀደም ብሎ መዝራት ይቻላል፣ ገና እርጥበት ባለበት ጥቂት ሳምንት ይተርፋል። ገበሬው ራሱ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስም ትርፍ ውሃን ያስወጣል። አቅጣጫው ካልታሰበበት ግን ከታች ያለው ጎረቤት ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል። በዚህ የተነሳ ስንት ጎረቤት ተጣልቷል!

ያማረ ማሳ ሁሉ አያጠግብም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሁለት ማሳዎች አሉ እንበል። አፈራቸው አንድ ነው፣ የያዙት ውሃም እኩል ነው። አንዱ ጥቅጥቅ ብሎ ተዘርቷል፣ ማዳበሪያም ጠግቧል። ሌላው ሳሳ ብሏል። በመጀመሪያው ወር ተኩል የመጀመሪያው ያስቀናል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ መሬት አይታይበትም። ነገር ግን ያ ሁሉ ቅጠል ይጠጣል። ፍሬ የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። እዚያ ሲደረስ የመጀመሪያው ማሳ ውሃውን ጨርሷል። ገለባ ይሞላል፣ ፍሬው ግን ኮስማና ይሆናል። ሁለተኛው ማሳ ያላማረውን ያህል ውሃ አስቀርቷል።

የአውስትራሊያ ስንዴ አምራቾች ይህን በደንብ ያውቁታል። ገና በጅምሩ ናይትሮጅን (የማዳበሪያ ንጥረ ነገር) የበዛበት ስንዴ ቅጠል አብዝቶ መጨረሻ ላይ ይከስርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍሬንችና ሹልትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለደቡብ አውስትራሊያ ስንዴ አንድ ቀላል ሒሳብ አወጡ። በሰብሉ ወቅት ከጣለው ዝናብ 110 ሚሊ ሜትር ቀንሱ፣ እሱን በአብዛኛው ፀሐይ ከአፈሩ ላይ የምትወስደው ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ቢበዛ 20 ኪሎ ስንዴ በሄክታር ይጠበቃል። 300 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 190 ይቀራል፣ ጣሪያው 38 ኩንታል ነው። ቁጥሩ ለእኛ ሽምብራም ሆነ ጤፍ አይሠራም። ሐሳቡ ግን ይሠራል። የመጀመሪያው ድርሻ ሁልጊዜ የፀሐይ ነው፣ ገበሬው የሚታገለው ያንን ድርሻ ለመቀነስ ነው።

አሪዞና በረሃ ውስጥ የሚኖሩት ሆፒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ነገሩን እስከ ጫፍ ወስደውታል። በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ዝናብ በሚያገኝ መሬት ላይ በቆሎ ያበቅላሉ። ዘሩን እርጥበቱ እስካለበት ድረስ በጣም አጥልቀው ይቀብሩታል። አንዱን ጉድጓድ ከሌላው ብዙ እርምጃ ያራርቁታል። ማሳው ለኛ ዓይን የተረሳ ይመስላል።

ይህን ሲሰሙ «የኛ ገበሬ ለምን አጥቅጥቆ ይዘራል?» ብሎ መፍረድ ይቀላል። ምክንያት አለው። ዘሩን ወፍ ይበላዋል። ሳስቶ የበቀለ ማሳ አረም ይወርሰዋል። ገለባው ደግሞ የከብት ቀለብ ነው፣ ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ገለባ ማለት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚያሰላው ፍሬውን ብቻ አይደለም።

አረሙስ? እሱ ከሁሉ ይብሳል። አረም የጠጣው ውሃ የማንም እህል አይሆንም። የበቆሎና የማሽላ ማሳ ተክሉ ጉልበት ድረስ ሲያድግ በበሬ መሐል ለመሐል የሚታረሰው ሽልሻሎ ሁለት ሥራ ይሠራል። አረሙን ይነቅላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብም የሚገባበትን ትልም ይከፍታል። እንደ ቆቦ ባለ ደረቅ ቦታ ትልሙን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር መዝጋት ይመከራል። ታይ ሪጅ የሚሉት ነው። ውሃው ሳይሄድ እዚያው ይሰርጋል። ይህንኑ ፎገራ ዋልካ ላይ ክረምት አጋማሽ ብታደርጉት ግን ሰብሉን ማስጠም ነው። በሥልጠና የመጣ ምክር ሁሉ በየአፈሩ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ደጋግሞ ማረስም ሒሳብ አለው። ፀሐይ የአፈሩን ላይኛ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ካደረቀች በኋላ ትነቱ ይዘገያል፣ የደረቀው አፈር ራሱ ክዳን ይሆናል። መልሶ መገልበጥ እርጥቡን ወደ ላይ አውጥቶ ለፀሐይ መስጠት ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የላመ መሬት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። የላመ መሬት ግን ዝናብ ሲመታው ቅርፊት ያወጣና ውሃውን ያስኬደዋል። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ ይህን በሌላ መልኩ አይተውታል። ሣሩን ገልብጠው ያላሙት ሰፊ ሜዳ በድርቁ ዓመታት አፈሩ በነፋስ ተነሥቶ ሰማይ አጠቆረ።

«ገለባውን ማሳው ላይ ተዉት፣ እርጥበት ይይዛል» የሚለው ምክር በሳይንሱ ትክክል ነው። በጋ ላይ ከብት ሁሉ ልቅ በሚለቀቅበት ቀበሌ ግን ገለባው አንድ ሳምንት አይቆይም። የመኖ ጉዳይ ሳይፈታ ይህን ምክር መደጋገም ድካም ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ።

የትኛው ሰብል ይችላል?

ቅጠል አየር ለማስገባት ደቃቅ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል። ሲከፍት ውሃ ያመልጠዋል። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ በጥቂት የከፈቱት ቀዳዳ የገባውን አየር አጠራቅመው የመጠቀም ችሎታ አላቸው። ስንዴና ገብስ ይህ የላቸውም። ከአራቱም ደካማው በቆሎ ነው። ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን ጥም ከያዘው ወንዱና ሴቴው ሳይገናኙ ይቀሩና ባዶ ራስ ይዞ ይቆማል። ማሽላ ግን ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል። ዝናብ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

በማሽላ ጉዳይ አገራችን ለዓለም ያበረከተችው ትንሽ አይደለም። ውሃ ሲያጥር ቅጠሉ ሳይደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ የሚሞላ የማሽላ ዓይነት አለ። አርቢዎች በዓለም ዙሪያ ከሚጠቀሙበት ዋነኛው ምንጭ ከኢትዮጵያ የሄደ የገበሬ ዘር ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በማሽላ ሥራቸው ነው። ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አውጥተዋል። ከዚያም በአቀንጭራ ላይ ሠርተዋል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ነክሶ ውሃና ምግቡን የሚመጥ አረም ነው፣ በደረቅና በደከመ መሬት ላይ ይበረታል።

ሌላው መንገድ ከድርቁ በፊት መድረስ ነው። ፀደይና ቦሰት የሚባሉት የጤፍ ዝርያዎች በሦስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። ዋጋ አለው ግን። ቶሎ የሚደርስ ዘር በጥሩ ዓመት ዘግይቶ የሚደርሰውን ያህል አይሰጥም። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሚሆን ሳያውቁ የሚመረጥ ምርጫ ነው።

ጓያ ደግሞ ለብቻው ይነገርለት። ድርቅም ውሃ መተኛትም የማይበግረው ሰብል ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲሞት ይተርፋል። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ የበላ ሰው አይጎዳም። ወራት ሙሉ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፣ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። ደንቢያና ፎገራ ይህን ያውቁታል። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ደላንታ ላይ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው ጎድቷል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ነው የሚያየው ይባል የለ፣ በረሃብ ዓመት ግን የፊት የፊቱን ከማየት ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ስንት ነው?

ባሕር ሸሽ

ጣና ዙሪያ ለየት ያለ መሬት አለ። ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ እስከ ሰኔ መጀመሪያ እየቀነሰ ይሄዳል። የከፍታው ልዩነት በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ ይህ ብዙ መቶ ሜትር መሬት ይገልጣል። ባሕር ሸሽ የሚሉት ነው። ገበሬው የሚሸሸውን ውሃ እየተከተለ ይዘራበታል፣ እርጥበቱም ደለሉም ነጻ ነው።

ነጻ መባሉ ግን ያጠራጥራል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከወትሮው በታች ወርዶ ነበር፣ ጀልባ እንኳ ተቸግሯል። የተገለጠው መሬት ታረሰ። ውሃው ሲመለስ የታረሰው ተዋጠ። ደንገሉ ተመንጥሮ ሲታረስ ዓሣው የሚራባበት ቦታ ይጠፋል፣ ከላይ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራም አይኖርም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ውሃው ሲሸሽ ማሳ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ገበሬው ለመዝራት መጀመሪያ እሱን ማጽዳት አለበት።

ያለ መስኖ የሚያመርት ገበሬ እንግዲህ በአንድ ዘር ላይ አይቆምም። በምሥራቅ አማራ ቆላማ ቦታዎች ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከዘነበ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ ይዘራል። እሱ ካልያዘ ወይም ዝናቡ ከዘገየ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ማሳው ተገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይገባበታል። እሱም ካልሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሬቱ ምን ያህል እንደራሰ ይታያል። ጫን ሲሉት ዘንግ ጠልቆ የሚገባ ከሆነ ሽምብራ ወይም ምስር ይሞከራል። በእያንዳንዱ ደረጃ ዘር ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያው ዘር ግን መሬት ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ በመጥፎ ዓመት ገበሬው ከዝናቡ እኩል የሚፈልገው ነገር ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጊዜ የሚደርስ ሁለተኛና ሦስተኛ ዘር ነው። ጥቅምት ላይ የመጣ የጤፍ ዘር ምን ይሠራለታል?